ቻዋኑ አልተበላሸም፣ እሳት አልፎበት ነው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የተገናኙት አንድ ዕቃ ላይ ነው። ጃፓኖች ማቻን፣ ማለትም የተፈጨ አረንጓዴ ሻይን፣ ከሙቅ ውሃ ጋር የሚመቱበትንና የሚጠጡበትን ጎድጓዳ ሳህን ቻዋን ይሉታል። እኔም በሙያው ስለምኖር እንዲሁ እለዋለሁ። ሸክላ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ይህንኑ አንድ ዕቃ ስሠራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ ብመልስ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንቺ እህታችን። ባለቤቴ ለሥራ ጃፓን ሄዶ ሲመለስ ከሺጋራኪ አንድ ቻዋን አመጣልኝ። በእጅ የተሠራ፣ በማገዶ የተተኮሰ ነው። አንዱ ጎኑ ብርቱካናማ ነው። ሌላው ጎኑ ግን አመድማና ጥቁር ነው፤ ሲነኩት ይሻክራል። ገላው ላይ ነጫጭ ጠጠሮች ብቅ ብቅ ብለዋል። ከአፉ በታች አረንጓዴ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ፈስሶ ጠብታ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ ሦስት ክብ ጠባሳ አለው። ይህ ሁሉ ይሁን። ማቻ መትቼ፣ ጠጥቼ፣ ሳነሳው ግን ጠረጴዛው ላይ ክብ እርጥበት ትቷል። ታላቅ እህቴ አይታው ‹ተሸውዳችኋል፤ ሲተኮስ የተበላሸ ነው። ባይሆን ለጌጥ አስቀምጪው› አለችኝ። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለጌጥ አታስቀምጪው። ከዘረዘርሻቸው ነገሮች አራቱ የእሳትና የአፈር ምልክቶች ናቸው። አምስተኛው፣ እርጥበቱ፣ መላ አለው። ታላቅ እህትሽም ዝም ብላ አልተናገረችም። በማገዶ ከሚተኮስ ዕቃ ውስጥ በእውነት የሚበላሽ ብዙ ነው። ዋናው ነገር ምልክቱን ከብልሽቱ መለየት ነው።

ከጠጠሮቹ እንጀምር። ሺጋራኪ ከቢዋ ሐይቅ በስተደቡብ ያለ የሸክላ ሠሪዎች አካባቢ ነው። አፈሩ ጥንት ሐይቁ ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ነው። ውስጡ ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሚባሉ የድንጋይ ፍርፋሪዎች አሉበት። ብዙዎቹ ሠሪዎች ፍርፋሪውን ሆን ብለው ይተዉታል። ሸክላው እሳት ውስጥ ሲኮማተር ጠጠሩ አብሮት አይኮማተርም፤ ወደ ውጭ ይገፋል። ፌልድስፓሩ ላዩ ቀለጥ ይልና ነጭ ዶቃ ይመስላል። በድሮ ዘመን ከዚህ አፈር የሚሠራው ገበሬ ዘር የሚያስቀምጥበት ትልቅ እንስራ ነበር። ለሻይ ታስቦ የተመረጠ አፈር አይደለም።

አረንጓዴው ጠብታ ደግሞ አመድ ነው። አዎ፣ የማገዶ አመድ። ሺጋራኪ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚተኮሰው አናጋማ በሚባል እቶን ነው። አናጋማ ተዳፋት ላይ የተሠራ፣ አንድ ረጅም ክፍል ብቻ ያለው እቶን ነው። ከኮርያ ምድር ወደ ጃፓን የገባው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እሳቱና ዕቃው በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሚለያያቸው ግድግዳ የለም። ነበልባሉ አመዱን ተሸክሞ በዕቃዎቹ መካከል እየተሹለከለከ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሙቀቱ ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን፣ ዕቃው ላይ ያረፈው አመድ ከሸክላው ሲሊካ ጋር ተዋህዶ ይቀልጣል። አመዱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም ነው የሚያቀልጠው። ያንን ብርጭቆ ማንም ሰው በብሩሽ አልቀባውም። ጃፓኖች ጠብታውን ቢዶሮ ይሉታል። ቃሉ ብርጭቆ ከሚለው የፖርቱጋል ቃል የመጣ ነው። አረንጓዴ የሆነው ውስጡ ባለው ጥቂት ብረት ምክንያት ነው።

አሁን ቻዋንሽን ሳላየው የት ቆሞ እንደነበር ልንገርሽ። አመድማው ጎኑ ወደ ማገዶው ዞሮ ነበር። ምናልባትም ወለሉ አካባቢ፣ ፍም እስከ ወገቡ ቀብሮት ነው የቆየው። ፍም ውስጥ የተቀበረ ሸክላ አየር ስለሚያጣ ይጠቁራል፣ ይሻክራል። ብርቱካናማው ጎን ጀርባውን ለእሳቱ የሰጠው ነው። አመድ አልደረሰበትም፤ ነበልባል ብቻ ነው የላሰው። ይህንን ቀለም ሂኢሮ ይሉታል፤ የእሳት ቀለም ማለት ነው። ብዙ የሺጋራኪ ወዳጆች ከአረንጓዴው ይልቅ እሱን ይወዱታል፤ እኔም አንዷ ነኝ። ሦስቱ ክብ ጠባሳዎች ደግሞ ሳህኑ ከሥሩ ካለው ነገር ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር የተቀመጠባቸው የጭቃ ድቡልቡሎች አሻራ ናቸው።

ይህንን በእርግጠኝነት የምነግርሽ ለአራት ቀን ማገዶ አቀባይ ሆኜ ስለሠራሁ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ሺጋራኪ ነበርኩ። ድርሻዬ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። የተፈለጠ ጥድ ሦስት አራት እያልኩ በጠባቧ በር አስገባለሁ። ወዲያው እቶኑ ያጉረመርማል፤ ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቀጥሎ ጭሱ ይጠራል፣ ነበልባሉም ያጥራል። ያኔ ደግሜ አስገባለሁ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዴ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ሙቀት መለኪያ ነበረን። የእቶኑ ባለቤት ግን አንድም ቀን እሱን አይተው ሲያዙኝ አላየሁም። ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው ያዘነብሉና «ቆይ» ወይም «አሁን» ይሉኛል። በሦስተኛው ሌሊት እኔም ድምፁን መለየት ጀመርኩ። ማገዶ ሲበዛበት ድምፁ ይታፈናል፤ ሲያንሰው ደግሞ ይሳሳል። በመጨረሻ በሩን በጭቃ መረግነው። ለመክፈት አንድ ሳምንት ጠበቅን።

እዚያ እቶን ውስጥ ዘጠኝ ቻዋን አስገብቼ ነበር። ከሁሉም የወደድኩትን፣ ቅርጹ የሰመረልኝን፣ «አመድ በደንብ ያግኘው» ብዬ ከፊት አስቀመጥኩት። ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ። ትከሻው ላይ አረንጓዴው እንደ ማር ይወርዳል። ይዤው ገባሁና ማቻ ልመታበት ሞከርኩ። አመዱ ወደ ውስጥም ገብቶ ወለሉ ላይ እብጥ እብጥ ብሎ ደርቆ ነበር። የቀርከሃው መምቻ ጥርሶች እየተያዙ ሁለቱ ተሰበሩ። ሻዩ ላይ አረፋ አልወጣም። ውስጡ ከደረቀው አመድ መካከል ዱቄቱ ተሸጎጠና አልታጠብ አለኝ። እስከ ዛሬ አለኝ፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ለእኔ ግን የተበላሸ ዕቃ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቻዋን ከውጭ አይቼ አልፈርድም።

ስለዚህ አንቺም በእጅሽ ፈትኚው። ጣትሽን ውስጡን ሁሉ፣ በተለይ ወለሉን አስኪጂው። መሻከሩ ችግር የለውም። የሚይዝ፣ የሚወጋ፣ የሚነቀል ነገር ግን መኖር የለበትም። ቀጥለሽ ከንፈርሽ የሚያርፍበትን ጠርዝ ዳስሺ። ከዚያ መዳፍሽ ላይ አስቀምጠሽ በሌላው እጅሽ አንጓ ቀስ ብለሽ መታ አድርጊው። ሺጋራኪ እንደ ፖርሰሊን አይጮህም፤ ድምፁ ወፍራም ነው። ነገር ግን ጥርት ያለ መሆን አለበት። የሚርገበገብና ወዲያው የሚሞት ድምፅ ከሰማሽ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። በመጨረሻ ውሃ ሞልተሽ ደረቅ ወረቀት ላይ ለአንድ ሰዓት አቆዪው። እርጥበቱ በእግሩ ዙሪያ እኩል ከወጣ ሸክላው ላብ እያላበው ነው። በአንድ መስመር ብቻ ከወረደ ግን ተሰንጥቋል። ያኔ እህትሽ ልክ ናት፤ ባለቤትሽ ይመልሰው።

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ላብ ነው። ግሌዝ፣ ማለትም ሲተኮስ ብርጭቆ የሚሆን ቅብ፣ ያልተቀባ ሸካራ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ቢሆኑም ክፍት ናቸው። መድኃኒቱ የሩዝ ውሃ ነው። ሩዝ ስታጥቢ የሚወጣውን ነጭ ውሃ አጠራቅሚ። ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፊና ቻዋኑን አስቀምጪ። ውሃው ቀዝቃዛ እንደሆነ ሳህኑ እስኪሰጥም ጨምሪበት። በቀስታ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። እዚያው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። በጋለበት ካወጣሽው ልትሰነጥቂው ትችያለሽ። ስታርቹ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል። ከዚያ አለቅልቀሽ፣ ደፍተሽ ሳይሆን አየር ከሥሩም እንዲገባ አድርገሽ፣ ለጥቂት ቀን አድርቂው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምታደርጊው ቀላል ነው። ከመጠጣትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ሸክላው ንጹህ ውሃ ከጠጣ ሻዩን ለመምጠጥ አይቸኩልም። ከዚያ በሙቅ ውሃ አሙቂው፣ ድፊ፣ በጨርቅ አድርቂ። 2 ግራም የተነፋ ማቻ፣ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ። የእጅሽን አንጓ ወዲህ ወዲያ በፍጥነት እያንቀሳቀስሽ ምቺው። እንደዚያም ሆኖ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከሥሩ ጨርቅ አንጥፊለት። እየተጠጣበት ሲሄድ ሻዩ ራሱ የቀረውን ይደፍነዋል። ቀለሙም ይለወጣል። ብርቱካናማው ጎን ትንሽ ይጠልቃል። እንደ እኔ ከሆነ ያኔ ነው የሚያምረው።

ጥያቄ፦ «እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሸክላ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ያለኝ የጋዝ እቶን ነው። የማገዶ እሳት መልክ ለማግኘት ቻዋኖቼ ላይ በወንፊት አመድ እየነፋሁ እስከ 1,280 ዲግሪ እተኩሳለሁ። ውጤቱ ግን የተደፋ ቀለም ይመስላል። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?»

መልስ፦ ወንድም ጋሼ፣ ስህተት አልሠሩም። የጎደለው አየሩ ነው። ማገዶ ሲነድ የሚወጣው አመድ ብቻ አይደለም። ፖታሲየሙና ሶዲየሙ በእንፋሎት መልክ ከነበልባሉ ጋር ይሄዳሉ። ለቀናት ያህል የዕቃውን ገላ ሁሉ ይዳስሳሉ፤ አመድ ያልወደቀበት ቦታ እንኳ በስሱ ያብለጨልጫል። በወንፊት የነፉት አመድ ግን ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ይቀልጣል። ዳር ድንበሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በአናጋማ አመዱ በትንሽ በትንሹ፣ ንብርብር እየሆነ ነው የሚከማቸው። የእርስዎ በአንድ ጊዜ ነው የሚቀልጠው።

የምመክርዎት ሁለት ነገር አለ። መጀመሪያ አመድ 40፣ ፌልድስፓር 40፣ ቀለም የማይሰጥ የሸክላ አፈር 20 በመቶ ቀላቅለው ቀጭን ግሌዝ ይሥሩ። ይህ በሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ መነሻ ነው። በስሱ ይንፉት፤ ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ እንዲጠፋ ያድርጉ። ደረቁን አመድ በላዩ ላይ ትከሻው አካባቢ ብቻ ይጨምሩበት። ሁለተኛ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አያጥፉት፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት እዚያው ያቆዩት። የአመድ ግሌዝ ይፈስሳል፣ ስለዚህ ከሥሩ የሚጣል ሸክላ ያድርጉለት። አመድ ከውሃ ጋር ሲሆን ቆዳ ያቃጥላል። እባክዎ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አይለይዎት።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርዎት። የጋዝ እቶን የማገዶን መልክ እንዲያስመስል ባያስገድዱት ደስ ይለኛል። ጋዝ የሚያወጣው የራሱ ውበት አለው፤ ጥልቅና ጸጥ ያለ ግሌዝ። የማገዶውን መልክ የሚፈልጉት ከሆነ፣ ማገዶ የሚያነዱ ሰዎች ፈልገው አብረዋቸው ይማግዱ። አንድ እቶን ብዙ እጅ ይፈልጋል። የሚፈልጥ፣ የሚያቀርብ፣ ሌሊት የሚነቃ ሰው ሁልጊዜም ይጎድላል። እንኳን ደህና መጡ ነው የሚሉዎት።

ጥያቄ፦ «እህቴ፣ ማቻ መጠጣት ልጀምር ነው። ሥዕሉን አይቼ የቢዘን ቻዋን ልቤን ወስዶታል፤ ያንን ቡናማና ቀይ መስመር ያለውን። አንዳንዶች ግን ራኩ ይሻላል፣ እሱም በማገዶ ነው አሉኝ። የቱን ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢዘንም ራኩም የጃፓን ሸክላ ዓይነቶች ናቸው። መጀመሪያ ስለ ራኩ ላርምህ። የራኩ ቻዋን በረጅም የማገዶ እቶን አይተኮስም። በትንሽ ምድጃ፣ በከሰል፣ በአጭር ጊዜ ነው የሚሠራው። ጥቁሩ ራኩ እንደጋለ በመቆንጠጫ ከእሳት ይወጣል። የመጀመሪያውን የሠራው ቾጂሮ ነው። የሻይ መምህሩ ሴን ኖ ሪኪዩ ሐሳብ ሰጥቶት፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጁ ብቻ አበጀው። ሁለቱም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ ናቸው። የጃፓን ሻይ ሰዎች ስለ ቻዋን ዓይነቶች «አንደኛ ራኩ፣ ሁለተኛ ሃጊ፣ ሦስተኛ ካራትሱ» የሚል አባባል አላቸው። ቢዘን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ምክንያቱን ልነግርህ ነው።

ቢዘን ያለ ግሌዝ ነው የሚተኮሰው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን ለሚያልፍ ጊዜ። ያየኸው ቀይ መስመር ሂዳሱኪ ይባላል። ዕቃዎቹ እንዳይጣበቁ በሩዝ ገለባ ይጠቀለላሉ። ገለባው ይቃጠላል፤ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ከሸክላው ጋር ይዋሃድና ቀይ መስመር ሆኖ ይቀራል። እኔ እጅግ የምወደው ነገር ነው። ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ዱቄቱ ሟሟ አልሟሟ አይታይህም። ሸካራው ወለል መምቻህን ይበላዋል። አንድ መምቻ ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ የተሰነጠቀ፣ እስከ 120 የሚደርስ ቀጭን ጥርስ ያለው ነው። ገና እጅህ ሳይለምድ ብዙ ትሰብራለህ።

ይህንን ምክር የምሰጥህ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ አይደለሁም። ሙራታ ጁኮ እ.ኤ.አ. በ1502 ያረፈ የሻይ መምህር ነው። ለደቀ መዝሙሩ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ገና ሳይበስሉ የቢዘንና የሺጋራኪ ዕቃ ይዘው የደረሱ የሚመስላቸውን ጀማሪዎች ይገሥጻል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ይህን ሳነብ ፊቴ ቀልቷል። የያዝኩት የቢዘን ቻዋን ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ዓመት ሃጊ ግዛ፤ በማገዶ የተተኮሰ ሃጊ አለ። የኮርያ ሸክላ ሠሪ ወንድማማቾች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጀመሩት ነው። ወተት የመሰለ ግሌዝ አለው። አረንጓዴው ማቻ ነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሸክላው ለስላሳ ስለሆነ ሻዩ በግሌዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ውስጥ ይገባና መልኩ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስትመርጥ አፉ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ወለሉ ክብና ሰፊ የሆነውን ያዝ። ጠባቡና ረጅሙ ለክረምት ብርድ፣ ዝርግ የሆነው ለበጋ ሙቀት ነው። የመጀመሪያህ መካከለኛው ይሁን። በሁለት እጅህ ስታቅፈው አውራ ጣቶችህ ሳይጨነቁ የሚያርፉበት ቦታ ካገኙ እሱ ያንተ ነው። ቢዘኑን በሚቀጥለው ዓመት ግዛ።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ በማገዶ የተተኮሰ ቻዋን ማይክሮዌቭ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? ዕቃ ማጠቢያ ማሽንስ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም ውስጥ አያስገቡት። ሸክላው ውስጥ የተደበቀ ውሃ ማይክሮዌቭ ውስጥ በድንገት ይግልና ሊሰነጥቀው ይችላል። የማሽኑ ሳሙና ደግሞ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ቀን ማቻዎ ሳሙና ሳሙና ይላል። እንደጠጡ ወዲያው በለብታ ውሃና በእጅዎ ብቻ ይጠቡት። በእንጨት ሣጥኑ ከመመለስዎ በፊት ሁለት ሦስት ቀን አየር ላይ ይቆይ። ከውጭ ደረቅ ቢመስልም እግሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እግሩን ጉንጭዎ ላይ አስጠግተው ይሞክሩት። ቀዝቀዝ ካለዎት ገና አልደረቀም፤ ሣጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ሻግቶ ካገኙትም አይጣሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብተው ቀስ እያሉ ያፍሉት፤ እዚያው ያቀዝቅዙትና ፀሐይ ላይ ያውሉት።